ክሩ በኃይል ሲመታ ብቻ የሚጮኸው የፈዝ ፔዳል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባገኘሁት የሰሌዳ ሥዕል መሠረት የፈዝ ፌስ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ትራንዚስተር የጊታር ዲስቶርሽን ፔዳል ሠራሁ። ሥዕሉ ቢሲ547 ይላል፤ እሱን ስላጣሁ 2ኤን3904 አስገባሁ። ሳጥኑ የፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ነው። ድምፅ አለው፤ ግን ክሩን በኃይል ስመታ ብቻ ይጮኽና ወዲያው አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ አሰምቶ ይቆረጣል። የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ስቀንስ ጭራሽ ዝም ይላል። በ9 ቮልት አዳፕተር ሳሠራው ያፏጫል፤ ማታ ማታ ደግሞ ሬዲዮ ይሰማበታል። ካፓሲተሮቹን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ስለካው ባትሪው 9.1 ቮልት፣ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ቤዝ 0.42፣ ኮሌክተሩ 1.1፣ የሁለተኛው ኤሚተር 0.42፣ ኮሌክተሩ 7.5 ነው። ፔዳሉን ለክራርም ልጠቀምበት አስቤ ነበር። ምኑን ልቀይር?»

ለጊዜው ምንም ዕቃ አይቀይሩ። ሁለቱን ትራንዚስተሮች ነቅለው፣ እያንዳንዱን በቆመበት ቦታ ጀርባውን ወደ ፊት አዙረው መልሰው ይበይዷቸው። እንዲህ ደፍሬ እንድናገር ያደረጉኝ የላኳቸው አምስት ቁጥሮችና በመካከል እንደ ዋዛ የጠቀሷት «ቢሲ547 ስላጣሁ» የምትለው ሐረግ ናቸው። ስለ ድምፁ የሰጡት መግለጫ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አሥር ምክንያት መደርደር እችል ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ወደ አንድ አወረዱልኝ።

ቢሲ547ና 2ኤን3904 በሥራቸው ተቀራራቢ ናቸው፤ ሻጭም ሆነ ባለሙያ «አንዱ በአንዱ ይተካል» ቢልዎ አልዋሸም። የሦስቱ እግሮቻቸው፣ ማለትም የመቆጣጠሪያው እግር ቤዝና ጅረቱ የሚያልፍባቸው ኮሌክተርና ኤሚተር፣ አቀማመጥ ግን ተቃራኒ ነው። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ እርስዎ አዙረው እግሮቹን ወደ ታች ሲይዟቸው፣ ቢሲ547 ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ይሆናል፤ 2ኤን3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ቤዙ በሁለቱም መካከል ላይ በመሆኑ ስሕተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ሥዕሉን አንድ በአንድ ተከትለው የሠሩት ሰሌዳ ከሥዕሉ ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ እያለ ኤሚተሩና ኮሌክተሩ ቦታ ተለዋውጠዋል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የማይክሮፎን ማጉያ ላይ ይህንኑ ስሕተት ሠርቼ፣ ከሰሌዳው ላይ ያልቀየርኩት ዕቃ ሰሌዳው ራሱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ለፍቻለሁ። ችግሩ እንዲህ የሚያሳስተው የተገለበጠ ትራንዚስተር ፈጽሞ ስለማይሞት ነው። በትክክል ሲገባ ከ100 እስከ 300 እጥፍ የሚያጎላው 2ኤን3904፣ ተገልብጦ ሲገባ ጉላቱ ወደ 1 ገደማ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ማለትም ይሠራል፣ ግን ለስሙ ያህል።

አሁን ቁጥሮቹን አብረን እናንብብ። በዚህ ንድፍ ውስጥ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር በ33 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የሁለተኛው ቤዝ በቀጥታ እዚያው ላይ ተቀጥሏል። የሁለተኛው ኤሚተር በ1 ኪሎ ኦህም የፈዝ መቆጣጠሪያ በኩል ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ ከዚያው ኤሚተር የተነሣ 100 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ቤዝ ይመግባል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች በዚህ ቀለበት ተያይዘው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲለግም ሌላውም ይለግማል። የሲሊከን ትራንዚስተር ለመከፈት ቤዙ ላይ 0.6 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፣ በጤነኛ ፔዳል የመጀመሪያው ቤዝ 0.6፣ የሁለተኛው ኤሚተር ከ0.7 እስከ 0.8፣ የመጀመሪያው ኮሌክተር ከ1.3 እስከ 1.5 ቮልት አካባቢ ይሆናል።

የእርስዎ የመጀመሪያ ቤዝ 0.42 ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ ያ ትራንዚስተር ዝግ ነው። ለምን ቀረ ብለን ብንጠይቅ፣ በ33 ኪሎ ኦህሙ በኩል ሊያልፍ የሚችለው ጅረት 0.24 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ የተገለበጠው ሁለተኛ ትራንዚስተር ይህን ከማጉላት ይልቅ ከባትሪው ወገን 0.18 ሚሊአምፔር ብቻ ጨምሮ ያሳልፈዋል። ድምሩ 0.42 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ በ1 ኪሎ ኦህም ላይ ሲያርፍ ደግሞ እርስዎ የለኩትን 0.42 ቮልት ይሰጣል። ኮሌክተሩ 7.5 ላይ የተሰቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ኮሌክተር እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ በተከታታይ ያሉት 8.2 ኪሎ ኦህምና 470 ኦህም ሬዚስተሮች በዚያች ትንሽ ጅረት ምክንያት 1.6 ቮልት ብቻ ቆርጠው አስቀርተዋል። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ለብቻው ተገልብጦ ይሁን አይሁን እነዚህ ቁጥሮች አይለዩልንም፤ ሥዕሉ ግን ለሁለቱም የተሣለው ለቢሲ547 ስለሆነ ሁለቱም መዞር አለባቸው።

ድምፁም ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። ዝግ የሆነው የመጀመሪያ ትራንዚስተር በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው፦ ከጊታሩ የሚመጣው ሲግናል ጫፉ ላይ የጎደለውን ያን ሁለት አሥረኛ ቮልት ገደማ ሊሞላ ሲችል ይከፈትለታል፤ የክሩ ንዝረት ከዚያ ዝቅ ባለች ቅጽበት በሩ ይዘጋል። ክሩን በኃይል ሲመቱ ብቻ የሚጮኸው፣ ጭራው ላይ የሚቆራረጠው፣ የጊታሩን ቮልዩም ሲቀንሱ ዝም የሚለው ሁሉ የአንድ ነገር ሦስት መልክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህን የሚቆራረጥ ድምፅ ወድደው፣ ፔዳላቸው ላይ ቮልቴጁን ሆን ብለው እያጎደሉ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ፈዝ ራሱ የተወለደው ከብልሽት ነው፤ በ1961 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣ አንድ የናሽቪል ቅጂ ላይ የሚሰማው ያ የሚያጓራ የባስ ጊታር ድምፅ በስቱዲዮው ማቀላቀያ ውስጥ ከተበላሸ አንድ መስመር የመጣ ሲሆን፣ የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር የሚያስመስል መሣሪያ ሠርቶ በ1962 ማይስትሮ በሚል ስም ለገበያ ቀርቧል። የእርስዎ ጥያቄ ግን ፈዝ ፌስን የሚመለከት ነው፤ ፈዝ ፌስ ደግሞ ረጅም እስትንፋስ ያለውና የጊታሩን ቮልዩም ሲቀንሱ የሚጠራ መሆን አለበት።

ከመንቀልዎ በፊት ጥርጣሬዬን በራስዎ ያረጋግጡ። የቀረ አንድ ትርፍ 2ኤን3904 ካለዎት በመልቲሜትርዎ የትራንዚስተር መለኪያ ቀዳዳ ውስጥ፣ ኤንፒኤን በሚለው በኩል፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያስገቡት፤ በአንደኛው ከ100 በላይ፣ በሌላኛው በጣት የሚቆጠር ቁጥር ወይም ዜሮ ያነብባሉ። ትልቁን ያገኙበት አቀማመጥ ትክክለኛው ነው። መለኪያዎ ይህ ቀዳዳ ከሌለው ወደ ዳዮድ መለኪያው ያዙሩት፣ ቀዩን ዘንግ መካከለኛው እግር ላይ ያሳርፉ፣ ጥቁሩን በየተራ ወደ ሁለቱ ጫፎች ያድርሱ፤ ሁለቱም 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ያሳያሉ፣ ጥቂት ሺኛ ቮልት ብልጫ ያሳየው ወገን ኤሚተር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ትራንዚስተሩን በጣትዎ አያሙቁት፤ ሙቀት ንባቡን ያወርደዋል።

ሲነቅሉ ሦስቱን እግሮች አንድ በአንድ ለማውጣት አይታገሉ። ሦስቱም ላይ አዲስ የብየዳ ቆርቆሮ ጨምረው አንድ ትልቅ ጠብታ ያድርጓቸው፣ ሙቀቱ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ሲያቀልጥ ትራንዚስተሩን ከላይ ሳብ ያድርጉት፤ ሳይሰነጠቅ ይወጣል፣ የሰሌዳው መዳብም አይላጥም። በቦታው የትራንዚስተር ሶኬት ቢያስገቡ ደግሞ ወደፊት ሌላ ዓይነት ለመሞከር መንገዱ ክፍት ይሆንልዎታል። የድሮዎቹን ትራንዚስተሮች አዙረው መጠቀም ይችላሉ፤ ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ሲገለበጡ በኤሚተሩና በቤዙ መካከል 6.4 ቮልት በግልባጭ ተሸክመው ቆይተዋል፣ የአምራቾቹ ወሰን ግን 6 ቮልት ነው። ከዚህ በላይ የቆየ ትራንዚስተር ጉላቱ ሊቀንስ፣ የሹክሹክታ ድምፁም ሊበዛ ይችላል። ፔዳሉ ተስተካክሎ የሚንሾካሾክ ከሆነ በአዲስ ይተኳቸው።

ካዞሯቸው በኋላ ሌላ ነገር ይጠብቅዎታል፤ ቀድሜ ካልነገርኩዎ እንደገና ካፓሲተር ወደ መቀየር ሊመለሱ ይችላሉ። የሁለተኛው ኮሌክተር ወደ 2.5 ቮልት አካባቢ ይወርዳል፤ ድምፁ ይመጣል፣ ግን ትንሽ የታፈነና የሞገዱ አንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ይሆናል። ምክንያቱ 8.2 ኪሎ ኦህም የተመረጠው ለጀርማኒየም ትራንዚስተር መሆኑ ነው። ኩባንያው አርቢተር በ1966 ለንደን ውስጥ ፈዝ ፌስን ሲያወጣ የተጠቀመው እንደ ኤንኬቲ275 ያሉ ጀርማኒየሞችን ነበር፤ እነዚህ ከ0.3 ቮልት በታች ስለሚከፈቱ ሁለተኛው ትራንዚስተር ግማሽ ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፣ በ8.2 ኪሎ ኦህምም የባትሪው እኩሌታ ላይ ያርፋል። ሲሊከኑ ግን ሩብ ያህል ሚሊአምፔር ጨምሮ ስለሚስብ በዚያው ሬዚስተር ላይ አብዝቶ ይወርዳል። ስለዚህ በ8.2 ኪሎ ኦህሙ ቦታ 10 ኪሎ ኦህም ትሪመር (በጠመንጃ መፍቻ የሚዞር ትንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ያስገቡና መለኪያዎን ኮሌክተሩ ላይ አድርገው 4.5 ቮልት እስኪያነብ ድረስ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ 5.5 ኪሎ ኦህም አካባቢ ላይ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በኋላ መለኪያውን አስቀምጠው ጊታሩን ያንሡ። አንድ ረጅም ኖታ ይምቱና እስኪሞት ድረስ ይጠብቁ፤ ጭራው ላይ መንተባተብ ካለ ትሪመሩን በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ እያሉ የሚለሰልስበትን ቦታ ይፈልጉ። 4.5 የመነሻ ቦታ እንጂ ሕግ አይደለም፤ እኔ ራሴ ወደ 5 ያዘነበለውን እወድዳለሁ።

ካፓሲተሮቹ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው ሁለት ጊዜ ተቀጥተዋል። የሆነ ሆኖ ሰሌዳው ተከፍቶ ሳለ ሁለት ነገር ይዩ። ኤሌክትሮሊቲኮቹ፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ወገን ያላቸው ካፓሲተሮች፣ በአቅጣጫቸው ይሁኑ፤ የመግቢያው 2.2 ማይክሮፋራድ ፖዘቲቩ ወደ ቤዙ፣ የፈዝ መቆጣጠሪያው 22 ማይክሮፋራድ ፖዘቲቩ ወደ መቆጣጠሪያው መካከለኛ እግር ይዙር። የመውጫው ካፓሲተር ላይ የተጻፈው 103 መሆኑንም ያረጋግጡ፤ 103 ማለት 10 ናኖፋራድ ሲሆን ከ500 ኪሎ ኦህም ቮልዩም ጋር ሆኖ ከ32 ኸርዝ በላይ ያለውን ያሳልፋል፣ በስሕተት 102 ቢገባ ግን ከ300 ኸርዝ በታች ያለው እየሳሳ ሄዶ ጊታሩ እንደ ስልክ ይሰማል።

ቁጥሮቹ ተስተካክለው ድምፁ አሁንም የማያምር ከሆነ በጆሮ የሚፈለግበትን ዘዴ ይጠቀሙ። አንድ አሮጌ የጊታር ገመድ አንዱን ጫፍ ቆርጠው፣ መሸፈኛ ሽቦውን በፔዳሉ ግራውንድ ላይ ያስሩ፣ መካከለኛው ሽቦ ጫፍ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይበይዱ፤ ሌላውን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ላይ ይሰኩ፣ ቮልዩሙን በጣም ዝቅ ያድርጉ። አንድ ሰው ጊታሩን እየመታልዎ የካፓሲተሩን ጫፍ ከመግቢያው ጀምረው ወደ መውጫው ነጥብ በነጥብ ይንኩ። ድምፁ ደኅና ከነበረበት ነጥብ ወደ ተበላሸበት ሲያልፉ፣ ጥፋተኛው ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ወደ ፉጨቱና ወደ ሬዲዮው ልምጣ። እነዚህ ከላይኛው ችግር ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ትራንዚስተሮቹ ሲስተካከሉ እንዲያውም ሊብሱ ይችላሉ፣ ፔዳሉ አሁን በእውነት ያጎላልና። ርካሽ አዳፕተር ውስጡ በከፍተኛ ፍጥነት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ አለው፤ ጫጫታውም በኃይል መስመሩ በኩል ገብቶ እንደ ሲግናል ይጎላል። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ አዳፕተሩን ይተዉት። ይህ ፔዳል በጠቅላላው የሚስበው 1 ሚሊአምፔር ያህል ስለሆነ አንድ ደኅና ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ያጫውትዎታል። የመግቢያው ጃክ ግን ስቴሪዮ ይሁን፤ የባትሪው ኔጋቲቭ በጃኩ መካከለኛ መገናኛ በኩል ካለፈ፣ የጊታሩን ገመድ ሲነቅሉ ባትሪው ራሱ ይጠፋል። የግድ አዳፕተር ካስፈለገ በኃይል መስመሩ ላይ 100 ኦህም በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 220 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ ያስገቡ።

ሬዲዮው የሚመጣው ከምሳ ዕቃው ነው። ፕላስቲክ የሬዲዮ ሞገድን አያግድም፤ ከጃኩ እስከ ሰሌዳው የተዘረጋው ሽቦ አንቴና ይሆናል፣ የትራንዚስተሩ መግቢያ ደግሞ ሞገዱን እንደ ድሮ ክሪስታል ሬዲዮ ይፈታዋል። መካከለኛ ሞገድ ማታ ከሰማይ እየተንጸባረቀ ከሩቅ ስለሚደርስ ነው ቀን የማይሰማዎት። ሰሌዳውን ወደ ብረት ሣጥን ያዛውሩ፤ የብስኩት ቆርቆሮም ቢሆን ይበቃል፣ ብቻ ቆርቆሮው ቀለሙ ተፍቆ ከግራውንድ ጋር በትክክል ይገናኝ። የመግቢያውን ሽቦ በሽፍን ገመድ ይተኩት። ከዚህም አልፎ ከተሰማ በመጀመሪያው ትራንዚስተር ቤዝና ኮሌክተር መካከል 47 ፒኮፋራድ ያስገቡ፤ ይህ ግን የላይኛውን ድምፅ ትንሽ ስለሚያደበዝዝ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ስለ ክራሩ የጠየቁት ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ክራርዎ ላይ የተለጠፈው፣ እንደተለመደው፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክብ የፒዬዞ ዲስክ ከሆነ፣ ይህ ፔዳል እንዳለ አይስማማውም። የዲስኩ ካፓሲታንስ 15 ናኖፋራድ ገደማ ነው እንበል፤ የፈዝ ፌስ መግቢያ ደግሞ ከ10 ኪሎ ኦህም በታች ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ከ1000 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። የክራር ክሮች መሠረታዊ ድምፅ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የሚሰማዎት የጣትዎ ጭረት ብቻ ይሆናል፤ ፔዳሉ ጤነኛ ሆኖ እያለ ተበላሸ ብለው እንደገና እንዳይነቅሉት እሰጋለሁ። መፍትሔው በክራሩና በፔዳሉ መካከል፣ በተቻለ መጠን ለክራሩ ቀርቦ፣ አንድ ፌት የሚባለው ዓይነት ትራንዚስተር ያለው ባፈር፣ ማለትም ደካማ ምንጭን ሳይጫን ሲግናሉን የሚያሳልፍ ትንሽ ሰርኪት፣ ማስገባት ነው፤ 2ኤን5457 ይበቃል። የመግቢያ ሬዚስተሩ 1 ሜጋ ኦህም ሲሆን መስመሩ እስከ 10 ኸርዝ ድረስ ይወርዳልና ምንም አይጎድልበትም።

ባፈሩ ግን ሌላ ጠባይ ያመጣል። ፈዝ ፌስ የተነደፈው የጊታር ፒካፕን (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን የማግኔት ጥቅል) ድካም አስቦ ነው፤ እንደ ባፈር ያለ ጠንካራ ምንጭ በቀጥታ ሲያገኝ ይሻክራል፣ ቮልዩም ሲቀንሱም አይጠራም። ከባፈሩ በኋላ 50 ኪሎ ኦህም ፖቴንሺዮሜትር በተከታታይ አስገብተው መሻከሩ እስኪለሰልስ ያዙሩት፤ ለጊታር ሲጫወቱ ባፈሩን ያውጡት። የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርጉ ደግሞ ክራሩን ይዘው ከአምፑ ፊት ለፊት አይቀመጡ፤ በቆዳ የተለጎመ የድምፅ ሣጥን፣ በላዩ ላይ ፒዬዞ፣ ከኋላው ይህን ያህል የሚያጎላ ፈዝ ሲኖር፣ ክር ሳይነካ በራሱ ማጓራት ይጀምራል። ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ የፔዳሉን ቮልዩም ከዜሮ ተነሥተው ያሳድጉ፣ ማጓራቱ ከጀመረ ክራሩን በመዳፍዎ አፍነው ፈዙን ይቀንሱ።